ፍሬን መያዝን መለካትና ማሠልጠን፦ የ8 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ከመጀመሬ በፊት

ለ3 ዓመት የማሠለጥናቸውን የእግር ኳስ ልጆች ፍጥነት ስመዘግብ ኖሬያለሁ። የ10፣ የ20፣ የ30 ሜትር ሰዓታቸው በየወሩ ደብተሬ ላይ ሰፍሯል። ያለፈው የውድድር ዓመት እንዳለቀ ደብተሩን ሳገላብጥ ስለ መቆም አንዲት ቁጥር አጣሁበት። ማን ፈጥና እንደምትነሳ በቃሌ እናገራለሁ፤ ማን ፈጥና እንደምትቆም ግን አላውቅም ነበር። በዚያው ዓመት 4 ተጫዋቾች ጉልበታቸውን ወይም ቁርጭምጭሚታቸውን ተጎድተውብኛል። አራቱንም የነካቸው ሰው አልነበረም። ሦስቱ የወደቁት በሙሉ ፍጥነት መጥተው ሊቆሙ ወይም ሊዞሩ ሲሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ትንታኔ አንብቤ ነበር። በአብዛኞቹ የቡድን ስፖርቶች ተጫዋቾች በጨዋታ ውስጥ በኃይል ፍሬን የሚይዙበት ጊዜ በኃይል ከሚነሱበት ይበልጣል ይላል። ከተመዘኑት ስፖርቶች ተቃራኒው የታየው በአሜሪካ ፉትቦል ብቻ ነው። የሳምንት ፕሮግራሜን ከዚህ ጋር ሳስተያየው ለመነሳት 2 ቀን መድቤያለሁ፤ ለመቆም ምንም።

ስለዚህ ይህ ሥራ ተጀመረ። ከ17 እስከ 20 ዓመት የሆናቸው 14 የሴቶች እግር ኳስ ተጫዋቾች አሉኝ። እለካለሁ፣ አሠለጥናለሁ፣ መልሼ እለካለሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ በማሊያ ቁጥራቸው እጠራቸዋለሁ።

1ኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

መለኪያ መምረጥ። መጀመሪያ ያሰብኩት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የሚታወቀውን የ505 ሙከራ ነበር። ተጫዋቿ 10 ሜትር ተንደርድራ የሰዓቱን መስመር ታልፋለች፤ ሌላ 5 ሜትር ሄዳ 180 ዲግሪ ትዞራለች፤ 5 ሜትር ተመልሳ መስመሩን ስታልፍ ሰዓቱ ይቆማል። ለመሥራት ቀላል ነው፤ ጥሩ ሙከራም ነው። ችግሩ የሚሰጠው ሰዓት ፍሬኑን፣ መዞሩንና ዳግም መነሳቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ መያዙ ነው። አንዷ ቀስ ብላ ገብታ ቶሎ ትዞራለች፤ ሌላዋ በፍጥነት ገብታ ስትቆም ትቸገራለች፤ ሁለቱም ያው ሰዓት ሊያመጡ ይችላሉ። እኔ የምፈልገው ፍሬኑን ለብቻው ነው።

የመረጥኩት ሌላ ነው፦ 20 ሜትር በሙሉ ኃይል መሮጥ፣ 20 ሜትር ላይ ካለው መስመር በኋላ በተቻለ ፍጥነት መቆም፣ ከዚያ ወደኋላ እየተራመዱ ወደ መስመሩ መመለስ። ወደኋላ መመለሱ ትርፍ ነገር ይመስላል፤ ግን የቆመችበትን ቅጽበት በግልጽ ያሳያል። ዳሌዋ ወደፊት መሄድ ትቶ መመለስ የሚጀምርበት ነጥብ የቆመችበት ነው። ተመራማሪው ዴሚያን ሃርፐርና ባልደረቦቹ ይህንኑ በራዳር ሲለኩ ኖረዋል። እኔ ራዳር የለኝም። በሰከንድ 240 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚቀርጽ ስልክ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ 13 ዘንግና የጨርቅ ሜትር አለኝ።

ስሌቱ፦ ፍጥነቷን በራሱ አባዛለሁ፤ ለመቆም በወሰደባት ርቀት እጥፍ አካፍላለሁ። የሚወጣው አማካይ የፍጥነት ቅነሳ ነው፤ በሰከንድ ውስጥ ከፍጥነቷ ላይ ስንት ሜትር በሰከንድ እንደምትቀንስ ይነግረኛል።

1ኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ዛሬ ተጫዋች አልጠራሁም፤ መለኪያውን ብቻ ስፈትን ዋልኩ፤ ደግም አደረግኩ።

ዘንጎቹን ከ18ኛው ሜትር እስከ 30ኛው በየሜትሩ ተከልኩ። ልጆቹ እንዳይጋጩባቸው ከመሮጫው መስመር 1.5 ሜትር ወዲያ አራቅኳቸው። ስልኩ ከመስመሩ ወዲህ 15 ሜትር ላይ፣ ፊቱን ወደ 24ኛው ሜትር አዙሮ ቆሟል። ራሴ በመስመሩ ላይ እየተራመድኩ ቀርጬ ሳየው ቪዲዮው 30ኛው ዘንግ ላይ ደርሻለሁ ሲል እግሬ ያለበት የጨርቅ ሜትር 29.45 ይላል። ካሜራው እኔንና ዘንጉን በአንድ አቅጣጫ ቢያያቸውም ዘንጉ ከእኔ በስተኋላ ስለራቀ ነው። 15 ሜትር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ዘንጉ 16.5 ሜትር ላይ ነው። ልዩነቱ 10 በመቶ። ለመቆም 6 ሜትር ፈጀባት ብዬ የምጽፈው በእውነቱ 5.45 ይሆን ነበር።

መፍትሔው ዘንጎቹን ከመሀል ወደ ዳር በ10 በመቶ ማራቅ ነው። ከ24ኛው ሜትር 1 ሜትር የሚርቀው በ1.1፣ 6 ሜትር የሚርቀው በ6.6። እንደገና ተክዬ ተራመድኩ፤ ቪዲዮውና የጨርቅ ሜትሩ ተስማሙ። ይህን ሳያስተካክሉ በስልክ የሚለኩ ሁሉ ዘንጋቸውን አንዴ ቢፈትሹ እመክራለሁ።

የመግቢያውን ፍጥነት የማወጣው ከ18ኛውና ከ20ኛው ዘንግ መካከል ነው። 2 ሜትሩን በ69 ፍሬም ካለፈች ፍጥነቷ 6.96 ሜትር በሰከንድ ነው። አንድ ፍሬም ብሳሳት ስህተቱ 1.4 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ እቀበለዋለሁ።

1ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ሙከራ። ማሟሟቅ 20 ደቂቃ፣ 2 ነጻ የ20 ሜትር ሩጫ፣ ከዚያ 3 ጊዜ ሩጦ መቆም።

ባለ 9 ቁጥሯ ከመስመሩ 4 ሜትር አልፋ ቆመች። ሁሉም አጨበጨቡላት። ቪዲዮውን ስከፍት ግን ደረቷ ወደኋላ ማለት የጀመረው 16ኛው ሜትር አካባቢ ነው። በነጻ ሩጫዋ 20 ሜትር 3.30 ሰከንድ ፈጅቶባት ነበር፤ በዚህኛው 3.61። መስመሩ ሳይደርስ ፍሬን ይዛለች ማለት ነው። ስነግራት ከልቧ ተከራከረች፦ «ኮች፣ በሙሉ ኃይሌ ነው እኮ የመጣሁት!» አምናታለሁ። ሰውነት መቆም እንዳለበት ካወቀ ባለቤቱን ሳያማክር ይቆጥባል።

ይህን የሚያስተካክል ደንብ ከራዳሩ ጥናት ወሰድኩ፦ በሙከራው የ20 ሜትር ሰዓት ከምርጥ ነጻ ሰዓቷ በላይ ከ5 በመቶ የበለጠ ከዘገየ ሙከራው አይቆጠርም። ለባለ 9 ቁጥሯ ገደቡ 3.46 ነው። ከ42 ሙከራ 17ቱን ጣልኩና አስደገምኳቸው። ትእዛዜንም ቀየርኩ። «20 ላይ ቁሙ» ስል ከመስመሩ በፊት ይቆጥባሉ፤ «20ን በሩጫ እለፉ፣ ካለፋችሁ በኋላ ቁሙ» ስል ብዙዎቹ ተስተካከሉ። አንዲት ቃል የሙከራውን ውጤት እንዲህ መለወጧን ሳላይ ባልፍ ኖሮ 8ቱን ሳምንት በከንቱ እሠራ ነበር።

2ኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ያንኑ ሙከራ ደገምኩ። ያው ሜዳ፣ ያው ታኬታ፣ ያው ሰዓት። በሁለቱ ቀናት መካከል የአንዷ ተጫዋች የፍጥነት ቅነሳ ውጤት በአማካይ 0.3 ይለያያል። ይህ የመለኪያዬ መንቀጥቀጥ ነው። በ8ኛው ሳምንት ከ0.3 በታች የሆነ ለውጥ ባይ መሻሻል ብዬ አልጽፈውም።

የቡድኑ አማካይ 4.1 ወጣ። ባለ 7 ቁጥሯ 4.9፤ ባለ 4 ቁጥሯ 3.5፣ ከሁሉም ዝቅተኛው። ይሄኛው አስደነገጠኝ፤ ምክንያቱም ባለ 4 ቁጥሯ በስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ በመነሳት) ከቡድኑ አንደኛ ናት።

2ኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ልምምዱን ከመንደፌ በፊት ስለ እንቅስቃሴው ጉልበት (ኢነርጂ) መጠን ማሰብ ፈለግኩ፤ ምን እንደምጠይቃቸው ሳላውቅ መጠየቅ አልወድም።

60 ኪሎ የምትመዝን ተጫዋች በ7 ሜትር በሰከንድ ስትሮጥ የተሸከመችው ጉልበት 1470 ጁል ነው። ከፍታ ላይ ሆና ብትወድቅ ይህን ያህል ጉልበት ይዛ መሬት የምትደርሰው ከ2.5 ሜትር ነው። ከ2.5 ሜትር ዝለሉ ብላቸው ማንም አትዘልም፤ እኔም አልላቸውም። ሜዳ ላይ ግን በየጨዋታው ይህንኑ ደጋግመው ያደርጉታል። የሚያድናቸው ጉልበቱ በ6 ወይም በ7 እርምጃ መከፋፈሉ ነው። በአንድ እርምጃ ለመጣል የሞከረች ዋጋውን የጉልበት መገጣጠሚያዋና ጅማቷ ይከፍላሉ።

ሁለተኛው ነገር፦ 10 ሜትር ሮጣ የምትደርስበት ፍጥነት 6 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው፤ ጉልበቱ 1080 ጁል። የ1 ሜትር በሰከንድ ልዩነት ሸክሙን ከሩብ በላይ ቀነሰው። ስለዚህ የልምምዱን ክብደት የምጨምርበት ዋናው መንገድ የመንደርደሪያው ርዝመት ነው፤ ከ5 ሜትር ወደ 10፣ ከ10 ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 20።

3ኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

የጂም ሥራ ተጀመረ። ፍሬን ሲያዝ የፊት ጭን ጡንቻ የሚሠራው እየተለጠጠ ነው፤ ሸክሙን እየያዘ ይረዝማል። ጡንቻ በዚህ ሁኔታ ከሚያጥርበት ጊዜ የበለጠ ኃይል መያዝ ይችላል፤ ግን መለማመድ አለበት። እግር ከፍሎ በ5 ሰከንድ ቀስ ብሎ መውረድ። በአንድ እግር ወደ ሳጥን ቀስ ብሎ መቀመጥ። ጉልበት ታጥፎ የባት ሥራ። ተንበርክኮ ጓደኛ ቁርጭምጭሚት ይዛላት ወደፊት ቀስ ብሎ መውደቅ፣ ለኋላ ጭን፣ 3 ዙር በ4። ከ30 ሳንቲሜትር ሳጥን ወርዶ 3 ሰከንድ ሳይንቀሳቀሱ መቆም። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ከ14ቱ 5ቱ በግራ እግራቸው ሲወርዱ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ይገባል።

3ኛ ሳምንት፣ ዓርብና ከዚያ በኋላ

እዚህ ጥፋት ሠራሁ። ሜዳ ላይ ገና የመጀመሪያው ቀን ነበር። ደስ ብሏቸው ሲሠሩ አየሁና ከ20 ሜትር 3 ዙር በ8 አሠራኋቸው፤ 24 መቆም። በዕለቱ ማንም አላማረረችም።

እሑድ ጨዋታ ነበረን። ጠዋት ከመኪና ሲወርዱ የበሩን መደገፊያ ይዘው ወደ ጎን ነው የሚወርዱት። ባለ 2 ቁጥሯ ጭኗን በእጇ ይዛ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላውን አወረደች። እየተለጠጠ የሠራ ጡንቻ ሕመሙ ጎልቶ የሚሰማው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ፤ ልክ በዚያ መሀል ነው ያጫወትኳቸው። ከእረፍት በኋላ ማንም ፍሬን መያዝ አልቻለችም፤ ሁሉም እየዞሩ ነበር የሚቆሙት። ማንም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ከዚህ ወዲያ የማልጥሰው ነገር፦ መጀመሪያ 6 መቆም ብቻ፣ በየሳምንቱ 2 መጨመር፣ በሙሉ ፍጥነት ከ12 አለማለፍ፣ ከጨዋታ በፊት ቢያንስ 3 ሙሉ ቀን። በጎ ጎኑ፣ ይህ ዓይነት ሥራ አንዴ ከተለመደ ሰውነት ሳምንታት አልፈውም ያስታውሰዋል፤ ያው ልምምድ ሁለተኛ ጊዜ የዚያን ያህል አያምም። ይህን ጥበቃ ለማግኘት ግን ጥቂት መቆም በቂ ነበር። 24 አያስፈልግም ነበር።

4ኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ማታውን በሙሉ የባለ 4ንና የባለ 7 ቁጥሯን ቪዲዮ ጎን ለጎን አድርጌ ፍሬም በፍሬም ሳይ አመሸሁ።

ባለ 7 ቁጥሯ መስመሩን ካለፈች በኋላ የመጀመሪያው እርምጃዋ ላይ ዳሌዋ አንድ ስንዝር ያህል ወርዷል። እግሯ መሬት ሳይነካ በፊት ነው የወረደው። ከዚያ እርምጃዎቿ አጫጭር ናቸው፤ እያንዳንዱ እግር ከዳሌዋ ቀድሞ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ታጥፏል፣ ሰውነቷ ከእግሯ በስተኋላ ቀርቷል። 7 እርምጃ፣ 4.9 ሜትር። ከእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ትንሽ ትሸርፋለች።

ባለ 4 ቁጥሯ መስመሩን ካለፈች በኋላ 4 ሜትር ያህል እንደ ሯጭ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እግሯ ይረግጣል እንጂ አይገፋም። ሁሉንም ሥራ ለመጨረሻዎቹ 2 እርምጃዎች ታስቀምጠዋለች። የመጨረሻው ላይ ተረከዟ ከፊቷ ርቆ ይመታል፣ ጉልበቷ የተዘረጋ ነው ማለት ይቻላል፣ ደረቷ ወደፊት ይወረወራል። 7.2 ሜትር። ያን ፍሬም አቁሜ ብዙ ጊዜ አየሁት። የጉልበት መስቀለኛ ጅማት ያለ ንክኪ ሲበጠስ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሲመረመሩ ጉዳቱ የደረሰው እግር መሬት ከነካ በኋላ ከ0.05 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ይገመታል፤ ጉልበቱም ብዙ ጊዜ እንዲህ የተዘረጋ ነው። በእኔ ስልክ ከ12 ፍሬም በታች። በ12 ፍሬም ውስጥ ማንም አስቦ ጉልበቱን ማጠፍ አይችልም። ሰውነቱ ተዘጋጅቶ መምጣት አለበት፤ ዝግጅቱ ደግሞ ያለው ከመርገጡ በፊት ባሉት እርምጃዎች ነው።

የባለ 4 ቁጥሯ ጡንቻ ምንም አልጎደለውም። የጎደላት ቀድሞ መጀመር ነው።

4ኛ ሳምንት፣ ዓርብ

ባለ 4 ቁጥሯን «ዳሌሽን አውርጂ» ብላት ወገቧን አጠፈች። «ጉልበትሽን እጠፊ» ስላት ጉልበቷን እያየች ሮጠች። በመጨረሻ «መሬቱን ወደፊት ግፊው፣ ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምረሽ» አልኳት። እውነቱም ያ ነው፤ እግር መሬቱን ወደፊት ሲገፋ መሬቱ ሰውየውን ወደኋላ ይገፋዋል። 3ኛው ሙከራ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ከዚያ በፊት የሚሰማው ጸጥታና በመጨረሻ አንድ ትልቅ ጥፊ ነበር። አሁን ከመስመሩ ጀምሮ እኩል እኩል የሆነ ምት ሰማሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ቻልኩ፤ ከዚህ በኋላ ልጆቹ ተራ እየጠበቁ ሳለ የጓደኞቻቸውን ድምፅ እንዲያዳምጡ አደረግኩ።

5ኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ባለ 11 ቁጥሯ ከዓመት በፊት የግራ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደርጋለች። ከተመለሰች ቆይታለች፣ ሩጫዋም ተመልሷል። የፍሬን ውጤቷ 4.6 ነው፤ ከቡድኑ ሦስተኛ። ቁጥሩን ብቻ ባይ ኖሮ አልፋት ነበር።

ሌላ ነገር እየቆጠርኩ ሳለ ነው ያስተዋልኩት። በ6ቱም ሙከራዎቿ ከመስመሩ በኋላ ፍሬን የሚጀምረው ቀኝ እግሯ ነው። አንዳንዴ ግራዋ ቀድሞ የሚደርስ ከሆነ ግማሽ እርምጃ ትጨምርና ቀኟ እንዲደርስ ታደርጋለች። ግራዋ ይረግጣል፣ ግን ቀሎ ነው የሚረግጠው። ልምምድ ካለቀ በኋላ ለብቻዋ ጠርቼ አሳየኋት። ስልኩን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አየችው። «ኮች፣ እኔ እኮ እኩል የምጠቀም ነው የሚመስለኝ» አለች፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

ለእሷ የተለየ ሥራ ጻፍኩ። በግራ እግር ብቻ ቀስ ብሎ መውረድ፣ በሳምንት 2 ቀን። ከ5 ሜትር ያልበለጠ መንደርደሪያ፣ መነሻዋን በሳንቲሜትር እያስተካከልን ግራዋ መስመሩን አልፎ ቀድሞ እንዲያርፍ። መቸኮል የለም። ሕመም ወይም እብጠት ካለ በማግሥቱ አይሠራም።

6ኛ ሳምንት

እስካሁን ሁሉም የት እንደሚቆሙ አውቀው ነው የሚቆሙት። ጨዋታ እንዲህ አይደለም። ዛሬ ከፊታቸው ቆሜ ቀይ መለያ ከፍ ካደረግኩ እንዲቆሙ፣ ካላደረግኩ እንዲቀጥሉ አዘዝኩ። በ7 ሜትር በሰከንድ ስትሮጥ ምልክቱን አይቶ ለመጀመር 0.2 ሰከንድ ብቻ ቢፈጅባት እንኳ ፍሬን ሳትይዝ 1.4 ሜትር ሄዳለች። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ላይ የተማሩት ሁሉ ጠፋ፤ ባለ 4 ቁጥሯ ተመልሳ ቀጥ ብላ በተረከዟ ቆመች። ከ15 ሜትር ወደ 10 ሜትር መንደርደሪያ መለስኳቸው። ቅርጹ ሲመለስ መንደርደሪያውም ይመለሳል።

በዚህም ልምምድ ያቺው የ5 በመቶ ነገር መጣች፤ ምልክት ይመጣል ብለው ሲጠብቁ ቀስ ብለው ይሮጣሉ። ሰዓት መያዝ ጀመርኩ።

7ኛ ሳምንት

ሥራውን በግማሽ ቀነስኩ። ዝናብ ነበር፤ ለቅዳሜ ያሰብኩትን መለኪያ በእርጥብ ሣር ላይ አላደርግም ብዬ ለሳምንት አራዘምኩት። ቁጥር ለማግኘት ብዬ ከመጀመሪያው ጋር የማይወዳደር ነገር መለካት ምን ይጠቅመኛል?

8ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ሣሩ ደረቅ ነው፤ ያው ታኬታ፣ ያው ሰዓት። አንዷ በጉንፋን ቀርታለች፤ 13 ለካሁ። ከ39 ሙከራ በ5 በመቶው ደንብ የወደቁት 6 ብቻ ናቸው፤ ከፍጥነት ቅነሳው ቁጥር ይልቅ ይህ ያስደስተኛል፤ መቆሙን ስለማይፈሩት አይቆጥቡም።

የ13ቱ አማካይ ከ4.1 ወደ 4.5 ወጣ። 8ቱ ከ0.3 በላይ ተሻሽለዋል። 4ቱ በመንቀጥቀጡ ውስጥ ናቸው፤ ተሻሻሉ አልልም። አንዷ በ0.4 ወርዳለች፤ 2 ሳምንት ከልምምድ ቀርታ ነበር። ባለ 4 ቁጥሯ በዚያው ፍጥነት ገብታ 5.8 ሜትር ላይ ቆመች፤ 4.3 ነው። ባለ 7 ቁጥሯ አልተለወጠችም ማለት ይቻላል፤ ከመጀመሪያውም ታውቅበት ነበር።

ያላወቅኩትን አውቄያለሁ የማልለው አንድ ነገር አለ፦ ከጂሙና ከሜዳው የትኛው ይበልጥ እንደሠራ ከዚህ መለየት አይቻልም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያሠራኋቸው። ለቀጣዩ ዙር ቡድኑን ለሁለት እከፍለዋለሁ።

ባለ 11 ቁጥሯ 4.6 ነበረች፣ 4.5 ሆነች። ደብተሬ ላይ ለውጥ የለም። ዘንጎቹን ስነቅል መጥታ ስልኩን ጠየቀችኝ። ሣሩ ላይ ተቀምጣ 3ቱንም ሙከራዎቿን በጣቷ ፍሬም በፍሬም እየገፋች ከመስመሩ በኋላ ያለችውን የመጀመሪያ እርምጃ ትፈልጋለች። ቀኝ፣ ቀኝ። ሦስተኛው ላይ ጣቷን አቆመች። ጉልበቱ ታጥፏል፣ ተረከዙ ከዳሌዋ ቀድሟል፣ ከታኬታው ሥር ሣር ተቦጭቆ ወደፊት ይበራል። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና «ይሄ ግራዬ ነው አይደል?» አለች።